የቁም ቅሬ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

እንደምን ሰነበታችሁ? ባለፈው ሰሞን ስለ ጡረተኞች ብቸኝነት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው። ልጆች አዲስ አበባና ዓረብ አገር ናቸው። ቤቱ ባዶ ነው። ቀኑ አልመሽ ይላል። መፍትሔው ላይ ሲደርስ ግን ጽሑፉ የአረጋውያን ማዕከል ይሠራ ብሎ አበቃ። ማዕከሉ ቢሠራ እሰየው ነው። እስኪሠራ ድረስ ግን እኛ ደሴ ላይ በየጠዋቱ ተሰብስበን የምናደርገውን ሶምሶማ፣ ከዚያም ለቅሬያችን፣ ማለት ለእድራችን፣ ያሰብኩትን ልንገራችሁ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

64 ዓመቴ ነው። 36 ዓመት አዋላጅ ነርስ ሆኜ ሠርቼ በ2014 ዓ.ም. ጡረታ ወጣሁ። ሰፈር ውስጥ ዛሬም ሲስተር ነው የምባለው። ጠዋት ለ12 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ፒያሳ አንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ እገኛለሁ። ዘጠኝ ነን። ትንሿ 58 ዓመቷ ነው፤ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ እህታችን ናት። ትልቁ ሐጂ ናቸው፤ 74 ደፍነዋል። አራዳ ጨርቅ ይነግዱ ነበር፣ አሁን ሱቁን ልጃቸው ይዞታል። ሱብሂ ሰግደው ሳይቀመጡ ነው የሚመጡት። ጋሽ ሾፌሩ ደግሞ 71 ናቸው። በደጉ ጊዜ ከኮምቦልቻ በባቲ፣ በሚሌ አድርገው አሰብ ድረስ ተሳቢ ይነዱ ነበር። ከሰው ሁሉ ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። የመንገድ ሰው ሌሊት መነሳት ለምዶበታል።

እንዴት እንደጀመርን ልናገር። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ሁላችንም በየፊናችን ተበተንን። ኅዳር መጨረሻ ላይ ወደየቤታችን መመለስ ጀመርን። ያን ሰሞን መንገድ ላይ ሰውና ሰው ሲገናኝ «እንዴት አደርክ» አይባባልም ነበር። «አለህ?» ነበር የሚባለው። «አለሁ» ሲባል ተቃቅፎ ማልቀስ ነው። እኔ ያኔ ጡረታ ልወጣ ትንሽ ወራት ነበር የቀረኝ። ሥራው ሲያልቅ ቤት ተቀመጥኩ። እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ዓይኔ ይፈጣል፤ ከዚያ በኋላ ጣራ ማየት ነው።

አንድ ቀን ሐጂን ከመስጊድ ሲመለሱ አገኘኋቸው። «ሲስተር፣ በዚህ ሰዓት ወዴት ነው?» አሉኝ። «እንዲሁ ልራመድ ብዬ ነው ሐጂ» አልኳቸው። «ብቻሽን? በይ እኔም እግሬ ተሳስሯልና አብረን እንሂድ» አሉ። ሆጤ ሜዳ ድረስ ሄደን ተመለስን። በማግስቱም ሄድን። ሳምንት ሳይሞላ ጋሽ ሾፌሩ ጨመሩ። በ2015 መስከረም ላይ ስድስት ሰው ሆንን፤ እርምጃውም ሶምሶማ ሆነ።

እኔ ስጀምር ይሉኝታው ከብዶኝ ነበር። በኛ ዕድሜ ያለች ሴት ቱታ ለብሳ ስትሮጥ ሰው ምን ይላል? ቱታው ላይ ቀሚስ ደረብኩበት፣ ፀጉሬን በሻሽ አሰርኩ። ጫማው ሳልቫጅ ነው፤ ከገበያ መርጬ የገዛሁት። መጀመሪያ ሰሞን ከመንገድ ዳር «እማማ፣ ማን አባሮሽ ነው?» የሚል አይጠፋም ነበር። አሁን እነዚያው ልጆች ናቸው «አብሽሪ እማማ!» የሚሉን። የባጃጅ ሹፌሮች መብራት አብርተው ቀስ ብለው ያልፉናል። አንዱማ ጉም በወረደ ጠዋት ከኋላችን እየተከተለ ያበራልን ነበር። እግዜር ይስጠው።

ስለ ሩጫችን ትልቅ ነገር አትጠብቁ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ስስ ነው። የጦሳን ተራራ ታቅፋ ስለተቀመጠች ሜዳ የሚባል ነገር ብዙ የላትም። ስለዚህ ዳገቱን በእርምጃ እንወጣለን፣ ቁልቁለቱንም በእርምጃ እንወርዳለን። ወጣቶች ቁልቁለት ይቀላል ይላሉ። ልብ ላይ ይቀላል፤ ጉልበትና ጭን ላይ ግን ከዳገት ይብሳል፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ እርምጃ የሰውነትን ክብደት እየያዘ ነው የሚያርፈው። ሶምሶማው ሜዳው ላይ ብቻ ነው። ፍጥነቱን የምንለካው በወሬ ነው። እያወራህ መሮጥ ካልቻልክ ፈጥነሃል ማለት ነው፤ ቀዝቅዝ። ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ለልባቸው ፈርቼ። ሐጂ ደግሞ «ወሬማ ካለ መቼም አንደክምም» አሉ፤ እውነትም ወሬው አያልቅም። የእህል ዋጋ አለ፣ የልጅ ልጅ ትምህርት አለ፣ የማን ልጅ ከጅዳ ደወለች አለ።

ሯጮቻችን ሲነሱ ግን ጨዋታው ይደምቃል። ጋሽ ሾፌሩ ከማሞ ወልዴ አይወርዱም። ማሞ በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ ማራቶን ሲያሸንፍ 36 ዓመቱ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ሙኒክ ላይ፣ በ40 ዓመቱ፣ ነሐስ አመጣ። ጋሼ መምህሩ ደግሞ ቀነኒሳን ይጠራሉ፤ በ2016 ሚያዝያ ለንደን ላይ በ41 ዓመቱ 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ገብቶ ሁለተኛ የወጣውን። ክርክሩ ማን ይበልጣል ነው፤ እስካሁን አላለቀም። እኔ የምወደው ክርክሩን ሳይሆን ሲከራከሩ ፊታቸውን ማየት ነው። ሁለቱም ሃያ ዓመት ይቀንሳሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ያድርግ ይላል። 65 ዓመት የሞላው ደግሞ ጉልበት የሚያጠነክርና ሚዛን የሚያስጠብቅ ነገር በሳምንት ሦስት ቀን ይጨምርበት ይላል፤ መውደቅ በኛ ዕድሜ ዳሌ ይሰብራልና። እኛ 40 ደቂቃ እንሠራለን። ከዚያ በረንዳው ላይ ቆመን፣ ግድግዳ በአንድ ጣት ነካ አድርገን፣ በአንድ እግር መቆም እንለማመዳለን። ሐጂ ሲጀምሩ አምስት ሰከንድ አይቆሙም ነበር። አሁን የቁርአኑን ፋቲሓ ቀርተው ይጨርሳሉ።

እሑድ ክርስቲያኖቹ ቅዳሴ ስለምንሄድ እነ ሐጂ ብቻቸውን ይሠራሉ። ረመዳን ሲገባ ጠዋቱን እንተወዋለን። ሁላችንም ወደ 11 ሰዓት ከቀትር በኋላ እናዞረውና፣ ለማፍጠሪያው እየተቃረብን ቀስ ብለን እንራመዳለን። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ረመዳንና ሁዳዴ ተገጣጥመውልናል። ያኔ ሁሉም ፆመኛ ነው፤ ማንም ማንንም አያስቸኩልም። ቅዳሜ ጠዋት እንጀራ ጋጋሪዋ እህታችን ቤት ቡና አለ። ቆሎው ይቀርባል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። ሐጂ ዱዓ ያደርጋሉ፣ ሁላችንም አሚን እንላለን። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይጠጣ ማንም አይነሳም። እኔ ደግሞ ቡናው ከመቅረቡ በፊት የደም ግፊት መለኪያዬን አወጣለሁ፤ ሁሉም እጅጌውን ይሰበስባል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

አንድ ደንብ አለን። የቀረ ሰው ካለ አሥር ደቂቃ እንጠብቃለን። ከዚያ እንደውላለን። ካላነሳ አንሮጥም፤ ቤቱ እንሄዳለን። ደንቡን ያመጡት ሐጂ ናቸው። ያ «አለህ?» የምንባባልበት ጊዜ ከልባቸው አልወጣም። መጀመሪያ ላይ አንዳንዶቻችን «ምነው፣ ሰው እንቅልፍም ይጥለው የለ?» ብለን ነበር። ሐጂ «ይጣለው፤ ቀስቅሰነው እንመለሳለን» አሉ።

በታኅሣሥ አንድ ጠዋት ጋሽ ሾፌሩ ቀሩ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሁልጊዜ ቀድመው የሚመጡ ሰው ናቸው። አሥር ደቂቃ ጠበቅን። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። ሐጂ ምርኩዛቸውን አንስተው «እንሂድ» አሉ። ሄድን። በሩ ከውስጥ ተቆልፏል። አንኳኳን፣ ተጣራን። የጎረቤት ልጅ በአጥር ዘሎ ከፈተልን።

አልጋው ሥር መሬት ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ቱታቸውን ለብሰዋል። የግራ እግራቸው ጫማ ታስሯል፤ በደንብ፣ ሁለት ጊዜ ተቋጥሮ። የቀኙ ጫማ ግራ እጃቸው ውስጥ ነው። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ወድቋል። አፋቸው ወደ አንድ ወገን ተጣሟል። ሲያዩኝ ሊናገሩ ሞከሩ፣ ቃሉ ተልፈሰፈሰ። ዓይናቸው ግን ሁሉን ያውቃል። ያንን ዓይን እስከምሞት አልረሳውም።

ጎረቤቶች ደረሱ። አንዷ «ምች ነው፣ ዳማከሴ አምጡ» አለች። ሌላው ውሃ ቀድቶ መጣ። ክፋት የለባቸውም፤ እኛ ያደግንበት ነው። ግን ምች አልነበረም። ስትሮክ ነበር። እባካችሁ ይህን አውጡልኝ፤ አንባቢ ይያዘው። ሰው ፈገግ ሲል ፊቱ ወደ አንድ ጎን ከወደቀ፣ ሁለት እጁን አንሳ ሲባል አንዱ ካልተነሳ፣ ንግግሩ ከተሳሰረ፣ ከሦስቱ አንዱ እንኳ በድንገት ከታየ፣ በዚያው ደቂቃ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው። ውሃም፣ ምግብም፣ ኪኒንም በአፉ አይሰጠው፤ መዋጥ ስለሚያቅተው ወደ ሳንባው ይገባል። ስንት ሰዓት ላይ እንደጀመረው ወይም ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየው መቼ እንደሆነ ያዙ፤ ሐኪም ይህን ነው መጀመሪያ የሚጠይቀው። የአንጎል ጉዳይ የሰዓት ጉዳይ ነው።

በባጃጅ ወሰድናቸው። እኔ ከኋላ ደግፌ ያዝኳቸው፣ ሐጂ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጠው ቁርአን እየቀሩ ነበር። ጫማው እጃቸው ላይ ነው፤ ሊለቁት አልፈለጉም፣ እኛም አልነጠቅናቸውም። ሐኪም ቤት ስንደርስ ገና ከጠዋቱ 1 ሰዓት አልሆነም ነበር።

በኋላ የተረዳሁት የግፊት ኪኒናቸውን ሁለት ሳምንት እንዳቋረጡ ነው። ደህና ነኝ ብለው። ግፊት አያምም፣ አያስነጥስም፤ ለዚህ ነው ሰው የሚተወው። እኔ በየቅዳሜው ስለካቸው ቁጥሩን ጽፌ እመልሳለሁ እንጂ «ኪኒንዎ አለ ወይ?» ብዬ አልጠየቅኳቸውም። 36 ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ፤ መጠየቅ ነበረብኝ። አሁን መለኪያውን ከማውጣቴ በፊት ሁሉም የኪኒኑን ካርቶን ያሳየኛል።

ጋሽ ሾፌሩ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይቷል። ልጃቸው ጅዳ ናት፤ ጎበዝ ልጅ፣ ማታ ማታ ሳትደውል አትተኛም። በስልክ ሳገኛት ያለችኝን ልንገራችሁ። «ሲስተር፣ እኔ የምደውለው ማታ 2 ሰዓት ነው። እስከዚያ ማን ያውቅ ነበር?» አለችኝ። ከዚያ በላይ መናገር አልቻለችም። እኔም አልቻልኩም።

የምጽፍላችሁ ለዚህች ጥያቄ ስል ነው። እስከ ማታ ማን ያውቅ ነበር?

ወሎ ውስጥ ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። ቅሬ የሌለው ሰው የለም። ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ብረት ድስት አለው፣ መዝገብ አለው። ሰው ሲሞት ንጋት ላይ ይለፈፋል፤ ሰፈሩ ሁሉ ይወጣል። ክርስቲያኑ የሙስሊሙን ይሸከማል፣ ሙስሊሙ የክርስቲያኑን ጉድጓድ ይቆፍራል። እኔ በዚህ እኮራለሁ። በጭንቁ ጊዜ ያቆመን ይኸው ነው። ግን ጋሽ ሾፌሩ የቅሬ አባል ናቸው፣ ወር አስቀርተው አያውቁም። ያን ጠዋት ቅሬው ይደርስላቸው የነበረው ካረፉ በኋላ ነው። ደንቡ እንደዚያ ስለሆነ እንጂ ሰዎቹ ጨክነው አይደለም። ሰው በሕይወት ሳለ የሚደገስ የቁም ተዝካር የሚባል ነገር አባቶቻችን ያውቁ የለ? የቁም ቅሬስ ለምን አይኖርም?

ብዙ ነገር አያስፈልገውም። የቅሬው መዝገብ ላይ ብቻውን የሚኖር ሽማግሌና አሮጊት ማን እንደሆነ ይታወቃል። እነዚያን በየመንደራቸው አንድ በረንዳ፣ አንድ ዋርካ ሥር፣ ጠዋት ማገናኘት ነው። መሮጥ የሚችል ይሩጥ፣ የማይችል ይራመድ፣ የማይራመድ መጥቶ ይቀመጥ። አሥር ደቂቃ ይጠበቅ፤ የቀረ ካለ ሁለት ሰው ሄዶ በር ያንኳኳ። ገንዘብ አይጠይቅም። ሩጫው ለልብም ለጉልበትም ጥሩ ነው፤ ይህን እኔ አልክድም፣ እንቅልፌን የመለሰልኝ እሱ ነው። ግን ለብቻዬ ብሮጥ ኖሮ በመጀመሪያው ክረምት እተወው ነበር። በሐምሌ ዝናብ ከአልጋ የሚያስነሳኝ ሩጫው አይደለም። ሐጂ በረንዳው ላይ ቆመው እየጠበቁኝ መሆኑ ነው።

አንዳንድ ሰው «ወጣቱ ነው ስፖርት የሚያስፈልገው፣ ሽማግሌ ቤቱ ይጸልይ» ይላል። አክብሬ እቃወማለሁ። ወጣት ሲቀር ጓደኛው ይፈልገዋል፣ አሠሪው ይደውልለታል። ጡረተኛ ሲቀር የሚጠራበት ስም መዝገብ የለውም። ጸሎቱም ቢሆን አልቀረብንም፤ የኛ ጠዋት የሚጀምረው ከመስጊድና ከቤተ ክርስቲያን ኪዳን መልስ ነው።

ጋሽ ሾፌሩ ከሁለት ወር በኋላ ተመለሱ። ቀኝ እጃቸው ገና አልጠነከረም፣ ቀኝ እግራቸውንም ይጎትታሉ። መጀመሪያ ቀን የጎረቤት ልጅ ደግፎ አመጣቸው። ጫማቸው ታስሯል፣ ሁለቱም። «ማን አሰረልዎት?» አልኳቸው። «ራሴ» አሉ። ቁጭ ብለው አሳዩኝ። የማሰሪያውን አንድ ጫፍ በጥርሳቸው ያዙ፣ ሌላውን በግራ እጃቸው አዞሩ፣ በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው ሳቡት። ግንባራቸው ላብ አወጣ። ማንም አልረዳቸውም። ሲጨርሱ ሐጂ ጎንበስ ብለው ቋጠሮውን ነካ ነካ አደረጉና «ማሻአላህ፣ ይሄ አሰብ ድረስ አይፈታም» አሉ።

አሁን እሳቸው አይሮጡም። እንጀራ ጋጋሪዋ እህታችን ባመጣችላቸው በርጩማ ላይ ጋቢ ለብሰው ይቀመጣሉ። ስም የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። አንደበታቸው ትንሽ ይይዛቸዋል፣ ግን ስምንታችንንም በየስማችን ይጠሩናል። «አለሁ» እንላለን። ከዚያ እንሄዳለን። 40 ደቂቃ ቆይተን ስንመለስ ደግሞ ይቆጥሩናል። ክረምት ላይ አንድ ጠዋት ጋሼ መምህሩ ጫማቸው ተቀድዶ ወደ ኋላ ቀርተው ነበር። ስምንት ሳንሞላ ስንደርስ «መምህሩስ?» ብለው ከበርጩማቸው ተነሱ። ያለ ምርኩዝ ሲቆሙ ያየሁት ያኔ ነው።

በሰፈራችን ቅሬ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ይህን ሐሳብ አነሳለሁ። ሐጂም አብረውኝ እንደሚናገሩ ቃል ገብተውልኛል። የኮምቦልቻ፣ የሐይቅ፣ የወልድያ ሰዎች ይህን ካነበባችሁ፣ እናንተም ለየቅሬያችሁ አንሱት። እኛን ማየት የሚፈልግ ካለ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ለ12 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ፒያሳ ነን። ሩጫ ልብስ አያስፈልግም፤ በሸራ ጫማም ይሆናል።

ይህን ስጽፍ ጋሽ ሾፌሩ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። አንብቤላቸው ስጨርስ «አንድ ነገር ቀርቷል፣ ጨምሪበት» አሉኝ። ለሚመጣው ሰው ንገሪ፤ በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ ውሻ አለና ዱላ ይያዝ።

አክባሪያችሁ
ሲስተር፣ ከደሴ